ባለ ወፍራም መስመሩ መነጽር

እኔን ተጠራጣሪ ያደረገኝ ሥራዬ ነው ይላሉ። ውሸት ነው፤ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ያደግሁ፣ እዚያው በአንድ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ንብረት ያዥ ሆኜ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሴት ነኝ። ቁልፍ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ሰው ሁሉ "ወስጄ እመልሳለሁ" ሲለኝ "መቼ?" እያልኩ ኖርኩ። የማላምነው ሰው በዛ እንጂ የከዳኝ ብዙ አልነበረም፤ እሱም ቢሆን እኔ ስለማላምን ነው ብዬ እጽናናለሁ።

ባለቤቴ እዚያው መሥሪያ ቤት ተኳሽ ነበር። ተኳሽ ስል ለደስታው የሚያድን ሰው አይምሰላችሁ። ጉማሬ የሰው ማሳ ሲያጠፋ፣ አዞ የሰው መንገድ ሲለምድ የሚጠራው እሱ ነው። ጠመንጃው እኔ መጋዘን ያድራል። ቤት ውስጥ አባወራ ነው፣ መጋዘኑ በር ላይ ግን እንደማንም ሰው ቆሞ ይጠብቃል። "አንቺ ሴትዮ፣ ትናንት አብረን አልነበርንም እንዴ?" ይለኛል። "ፈርም" እለዋለሁ። ይስቃል፣ ይፈርማል። የኦቾሎ ሰው ነው፤ ከተራራው ወርዶ ከተማ ከገባ ሃያ ዓመት ቢያልፈውም ሲስቅ አሁንም ተራራ ለተራራ እንደሚጠራራ ሰው ነው፣ ጎረቤት ሁሉ ይሰማዋል።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ጫኖ በኩል፣ አባያ ዳር አንድ አዞ ሰው ለመደ። መጀመሪያ ውኃ ልትቀዳ የወረደች ሴት ወሰደ። ቀጥሎ እግሩን የሚታጠብ ሰው። የአባያ ውኃ ቀይ ነው፣ እንደ ጭቃ፤ ዓሣ አጥማጆቹ "እዚያ ውስጥ አዞው ዓሣ አይታየውም፣ ለዚህ ነው ወደ ሰው የሚዞረው" ይላሉ። ይኼኛው ደግሞ ብልጥ ነበር። ከጠባብ የውኃ ሰርጥ ማዶ ያለች አሸዋ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ የሰው ኮቴ ከሰማ ሹልክ ብሎ ይገባል። በዚያ ርቀት በተራ ማነጣጠሪያ መምታት የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን ለጠመንጃው መነጽር ይገዛ ብሎ ወሰነ። ከአዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ሁለት መነጽር ይዞ መጣ፤ "ሞክራችሁ የወደዳችሁትን ያዙ፣ ሌላውን ስመለስ እወስዳለሁ" አለ።

ሁለቱም ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጡ። እኔ ደግሞ ሳላይ የምረከብ ሰው አይደለሁምና ተራ በተራ ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁባቸው። አንደኛው ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስቀለኛ መስመር አለ፤ መስመሩ ላይ ጥቃቅን ነጥቦች ተደርድረውበታል። ማዶ ያለው ቆርቆሮ ቤት እዚህ አፍንጫዬ ላይ መጣ፣ ሚስማሩ ሳይቀር ይታያል። ሁለተኛው ብዙም አያቀርብም። ከግራ፣ ከቀኝና ከታች ሦስት ወፋፍራም መስመሮች ወደ መሐል ይመጡና ይቆማሉ። አጥር ሥር ሆኜ የማይ መሰለኝ።

ነጋዴው አስረዳን። "ቀጭኑ ለሩቅ የተሠራ ነው፣ ነጥቦቹ ርቀት ይለካሉ፣ ጥይቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ያሳያሉ። ወፍራሙ የአመሻሽ አዳኞች የሚወዱት ነው። ሲጨልም ቀጭን መስመር ይጠፋል፣ ወፍራም ግን አይጠፋም። እናንተ በቀን ነው የምትተኩሱት፤ ምኑ ያጠራጥራል?"

አላጠራጠረም። ኃላፊያችን ቀጭኑ አለ፣ ሒሳብ ሹሙ ቀጭኑ አለ፣ እኔም ቀጭኑ አልኩ። ከዚያ ባለቤቴ ተጠራ። ቀጭኑን አነሳና ዓይኑ ላይ አደረገ። ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ። መስተዋቱን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። እንደገና አየ። ከዚያ ወፍራሙን አንስቶ አንዴ አየና ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረገው።

"ይሄ" አለ።

"ጋሼ፣ ርቀቱን እኮ..." አለ ኃላፊው።

"የምተኩሰው እኔ ነኝ እናንተ?"

ኃላፊው ወፍራሙን ወደ እሱ ገፋለት። እኔ ግን ጠረጠርኩ። ይሄ ሰው ሁልጊዜ በሥራው ጥንቁቅ ነው፣ የሚሻለውን ትቶ የሚያንሰውን የሚመርጥ ሰው አይደለም። ነጋዴው ያለው ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ፦ የአመሻሽ አዳኞች። ባለቤቴ ደግሞ ሰሞኑን ሁልጊዜ ወደ አመሻሹ ላይ ከቤት ይወጣል፤ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅት ይመለሳል።

ነገሩን ሳገጣጥመው ቀዘቀዝኩ። በዚያ ዘመን ከፓርኩ በድብቅ እየታደነ ሥጋና ቆዳ ይወጣል የሚል ወሬ የሌለበት ቀን አልነበረም። ጠመንጃ ከየት ያመጣል እንዳልል፣ ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ጠመንጃ ማን አጣ? ያልተገኘው መነጽር ነው። መነጽሩ ደግሞ የሚመጣው እኔ መጋዘን ነው፣ የማምነው ብቸኛ ሰው እጅ ላይ። ወይ ጉድ! አሁን ይሄ ሰው በስተርጅና ሊያዋርደኝ ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብሱን ማሽተት ጀመርኩ። ባሩድ ይኖር እንደሆን፣ ደም ይኖር እንደሆን። ያለው የላይኛው ከተማ፣ የሴቻ አቧራ ብቻ ነው። ኪሱን ፈተሽኩ፣ የተጣጠፈ መሐረብ። ጎረቤቴ ነገሬን አይታ "ሴት ይዞ ይሆናል፣ ቻል አድርጊው" አለችኝ። ሴት ቢሆንማ በስንት ጣዕሙ! ሴትን ጸጉሯን ይዤ አባርራታለሁ፤ እስር ቤትን ምን አደርገዋለሁ?

አንድ ቀን እራት ላይ አልቻልኩም።

"የት ነው የምታመሸው?"

"እግሬን ላፍታታ ብዬ።"

"ዛሬ ነው እግርህ የተሳሰረው? ሃያ ዓመት ሙሉ ከሥራ ስትመጣ ከዚህ ወንበር በአዋጅ አትነሳም ነበር።"

"አንቺ ደሞ! ዓይኔን ግንባር..." ብሎ ጀመረና ተወው። ውኃ አንስቶ ጠጣ።

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። ይሄ ሰው በትንሹም በትልቁም "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ብሎ የሚምል ሰው ነው፤ ጨው ከገበያ ገዝቻለሁ ለማለት እንኳ ዓይኑን ይጠራል። አሁን መሐላውን ከአፉ መለሰ። የሚዋሽ ሰው ነው እንጂ መማል የሚፈራ፣ አልኩ በልቤ። አለቀ፣ ሰውዬው ገብቶበታል።

በማግሥቱ ተከተልኩት። ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ተከናንቤ፣ እየራቅሁ። ወደ ሴቻ ጫፍ ወጣ፣ ሁለቱ ሐይቆች ወደሚታዩበት። በአንድ በኩል አባያ ቀልቶ፣ በሌላ በኩል ጫሞ ሰማይ መስሎ ተኝተዋል። እሱ ገደሉ ዳር ቆመ። ቀኝ እጁን አነሳና አንድ ዓይኑን ሸፈነ። አወረደ። ሌላውን ሸፈነ። ደግሞ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ጣቶቹን አያቸው። አንገቱን እንደ ዶሮ ዘንበል ቀና ያደርገዋል።

ምልክት እየሰጠ ነው! እኔ የመጣልኝ ይሄ ነው። ታች ጫካ ውስጥ የሚጠብቀው ሰው አለ፣ በእጁ ምልክት እየሰጠው ነው። አጎንብሼ ወደ ታች አየሁ፣ ማን እንዳለ፣ ከየት እንደሚመለስለት። ዛፍና ጭጋግ ብቻ። ቆየሁ። አሁንም ይሸፍናል፣ ይገልጣል። ንዴቴ እየገነፈለ መጣና ነጠላዬን ከግንባሬ ገፍፌ በቀጥታ ወደ እሱ ተራመድኩ። ዛሬ ይለይልን ብዬ ነው።

ኮቴዬን ሰምቶ ዞረ። ፊት ለፊት አየኝ። ከመንገዱ ማዶ ነበርኩ፣ እዚሁ። በትሕትና ጎንበስ አለና፦

"እንደምን አመሹ፣ እናቴ" አለኝ።

ባሌ ነው። አብሬው የኖርኩት ሰው ነው፣ "እናቴ" ብሎ እንደ መንገደኛ አንቱ አለኝ። የያዝኩት ንዴት ሁሉ ከእጄ ወደቀ። "ደህና ያምሹ" እንኳ ማለት አቃተኝ፤ ስናገር ድምፄን ያውቀዋል። ግን መናገሬ አልቀረም።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ብዙ ካስለመነኝ በኋላ ነገረኝ። ቀኙ ዓይኑ ጭጋግ ለብሷል፣ ግራው "ደህና ነው።" ሐኪም አይቶት ሞራ ነው፣ አዲስ አበባ ሄደህ አስነሳው ብሎታል። ማታ ማታ እዚህ የሚመጣው ከትናንት ወዲህ ምን ያህል እንደባሰ ለማየት ነው፤ የጫሞን ዳር አየዋለሁ አላየውም እያለ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እንደ ተበላሸ ንብረት ቆጥረሽ ተመላሽ እንዳታደርጊኝ ብዬ" አለ። ሊያስቀኝ ነው። ሳቄም እንባዬም እኩል መጣ።

"መነጽሩስ?"

"በቀጭኑ ሳይ መስመር የለውም። ባዶ መስተዋት ነው። ሁላችሁም 'መስቀሉ፣ ነጥቡ' ትላላችሁ፣ እኔ ምን ልበል? ወፍራሙን ግን አየዋለሁ። አዞ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ወፍራም መስመር ይበቃዋል።"

አዞው የወሰዳት ሴት በእናቱ በኩል ዘመዱ ናት፤ ሙዝ ልታለማ ከኦቾሎ ወደ ጫኖ የወረደች። ለቅሶዋ ላይ በሰው ሁሉ ፊት "እኔ እገድለዋለሁ" ብሎ ቃል ገብቷል። "ይቺን አንዴ ብቻ" አለኝ። "ይቺን ካደረግኩ በኋላ ራሴ ለኃላፊው እነግራለሁ።"

"ሰው ብትመታስ?"

ፊቱን ወደ ሐይቁ መለሰ። ይሄን ጥያቄ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ፤ በእነሱ አገር ሰው በስሕተትም ቢሆን የሰው ደም ካፈሰሰ ጎሜ፣ እርም ነው፣ ነውሩ በዘር ይሄዳል። አንድ አጎቱ በሠርግ ላይ በተኩስ ሰው መትቶ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ በግ ታርዶ፣ ዕርቅ ወርዶ እንኳ እስኪሞት ድረስ ከሟች ወገን ጋር ከአንድ ማዕድ አልበላም። 

"ዓሣ አጥማጆቹ ተነግሯቸዋል። በዚያ በኩል ማንም አይመጣም" አለ በመጨረሻ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ምን ይመስላል? ለኃላፊው ብናገር ባሌ አለቀ፤ ቃሉን ያልጠበቀ፣ ዓይኑን የደበቀ ተብሎ በውርደት ይወጣል። ዝም ብል ደግሞ የአንድ የማላውቀው ሰው እናት ታለቅሳለች። ጠዋት አንድ ነገር ወሰንኩ።

"አብሬህ እሄዳለሁ" አልኩት። "ንብረቱ ሲሞከር ንብረት ያዧ ትገኝ ብዬ አስፈቅዳለሁ። ያልተገዛውን፣ ቀጭኑን መነጽር እይዛለሁ። እኔ 'አዞ ነው' ካላልኩህ አትተኩስም።"

"እሺ" አለ።

ቶሎ እሺ አለ። ሳይከራከር እሺ የሚል ሰው አልነበረም፤ ይሄም አላማረኝም።

መነጽሩ ከጠመንጃው ጋር ሲስተካከል ከከተማ ወጣ ብለን ደረቅ ወንዝ ውስጥ ሞከረ። ደጋግሞ መታ። ሰው አጨበጨበ፣ ኃላፊው "ጋሼ እንደ ልማዱ!" አለ። እኔ ግን ሄጄ ኢላማውን አየሁት። በኖራ ነጭ ተደርጎ የተቀባ፣ የበር ያህል ሳንቃ ነው። አብሮን የመጣውን ጥበቃ "ማነው ይሄን ያህል ያደረገው?" አልኩት። "ጋሼ ናቸው፣ እንዲህ ይሁን ያሉት" አለኝ። ባሌን አየሁት፤ ጠመንጃውን እየወለወለ ነው፣ ወደ እኔ አላየም። ወይም አላየኝም።

ወደ ጫኖ የወረድነው ገና ሳይነጋ ነው። ጥበቃው ሰው ወደ ውኃው እንዳይወርድ ሊከለክል ወደ መቅጃው ሄደ። እኔና እሱ ከአንድ ሾላ ሥር ተጋደምን። ፀሐይ ከሐይቁ በኩል ወጣችና ቀዩን ውኃ ሁሉ አነደደችው፤ እኔ ጤነኛዋ እንኳ ዓይኔን ጨፈንኩ። ማዶ ያለችው አሸዋ ባዶ ናት።

"አልወጣም" አልኩ።

"ቆይ" አለ።

ቆየን። ከዚያ ከግራ በኩል፣ ውኃው ላይ፣ ጥቁር ረጅም ነገር ታየ። ቀስ ብሎ ይንሳፈፋል፣ ወደ መቅጃው ያዘነብላል።

"መጣ" አለ ባሌ። ጉንጩን ሰደፉ ላይ አደረገ። ትንፋሹ ሲዘገይ ሰማሁት።

መነጽሬን አነሳሁ። ፀጉር የመሰለው መስቀል ከውኃ ወደ ሰማይ፣ ከሰማይ ወደ ውኃ ይዘላል። ያንን ነገር ሳገኘው ጀርባው ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ እርጥብ፣ ጥቁር ነው። እውነቱን ልናገር፦ እኔም አዞ ነው ያየሁት። አዞ እንዲሆን ፈለግኩ። ባሌ ቃሉን ጠብቆ፣ ጎረቤት የሚሰማውን ሳቁን ስቆ ቤቱ እንዲገባ ፈለግኩ። ምላሴ ላይ ደርሷል።

"በይ እንጂ" አለኝ። "አዞ ነው በይ።"

ክርኔን መሬት አስደገፍኩት። መስቀሉ ረጋ አለ። ከነጥቦቹ አንዱ የሆነ ቢጫ ነገር ላይ አረፈ። ቢጫ ጀሪካን ነው፣ ወገቡ የተቆረጠ፣ ዓሣ አጥማጆች ዓሣ የሚጥሉበት። አዞ ጀሪካን አይዝም። ያ ጥቁር ነገር ግንዶች ናቸው፣ ጎን ለጎን የታሰሩ፤ የአጥማጆች የግንድ ታንኳ። በላዩ ላይ አንድ ሰው በሆዱ ተኝቶ፣ ሁለት እጁን ውኃ ውስጥ ከትቶ መረቡን ይስባል።

"ሰው ነው!"

"ተይ፣ አይቼዋለሁ።"

"ሰው ነው እያልኩህ! ሰው ነው፣ አንተ!"

"ጭራውን አይቻለሁ" አለ፤ ጣቱ አልተነሳም። እሺ ያለኝ እንዲሁ ነበር፤ ስምምነታችንን ከመጀመሪያውም አልተቀበለውም።

መዳፌን መነጽሩ ፊት ደቀንኩ። "እጅሽን አንሺ!" ብሎ ጮኸ፣ በክርኑ ገፋኝ። ከዚያ ምን እንዳደረግኩ ያወቅኩት ካደረግኩት በኋላ ነው፤ ተነስቼ ከአፈሙዙ ፊት ቆምኩ። የለበስኩትን ነጭ ነጠላ አላጣውም። ለእኔ ለሚስቱ፣ ከአንድ እርምጃ፣ ዓይኑ በቃው። ጣቱን አነሳ።

ድንገት ከዛፍ ሥር የተነሳች ሴት ያየው አጥማጅ ታንኳው ላይ ቀጥ ብሎ ቁጭ አለ። ከምን እንደተረፈ አላወቀም። የጠዋት ሰላምታ መስሎት እጁን አነሳልን።

ባሌ ጉንጩን ከሰደፉ አላቀቀ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"ልጅ ነው?" አለኝ።

"አይደለም፣ ትልቅ ሰው ነው።"

"ብቻውን ነው?"

"ብቻውን ነው።"

"አይቶናል?"

"አይቶናል። እጁን እያወዛወዘልህ ነው።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ጥይቶቹን ከጠመንጃው እያወጣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጣቸው፤ ሲያስቀምጣቸው እጁ ይፈልገኝ ነበር። ከዚያ ተነሳ። ከጉልበቱ ላይ አሸዋውን አራገፈ፣ ኮቱን አስተካከለ። የአገሩ ሰው ከተራራ ላይ ሆኖ እንደሚያደርገው እጁን ከራሱ በላይ አንስቶ አወዛወዘ፣ በሙሉ ደስታ፣ ለዘመድ እንደሚያወዛውዝ።

አጥማጁ በግራችን ነበር፣ ታንኳው የውኃው ነጸብራቅ ውስጥ ገብቶ። ባሌ በቀኝ በኩል ላለችው ባዶ አሸዋ ሰላምታውን እየሰጠ ብዙ ቆመ፤ እኔም ትከሻውን ይዤ አላዞርኩትም።